በሪዮ ኔግሮ የቱኩናሬ ማጥመድ ጉዞ፦ የአንድ የጫካ ሎጅ ግምገማ

ይህ ግምገማ በብራዚል አማዞናስ ግዛት፣ ከማናውስ ከተማ በስተሰሜን ምዕራብ፣ ወደ ሪዮ ኔግሮ ከሚገቡት ወንዞች በአንዱ ላይ፣ ቱኩናሬ የሚባለውን አዳኝ ዓሣ ለማጥመድ ለሚመጡ እንግዶች ስለሚሠራ የስፖርት ዓሣ ማጥመጃ ሎጅ ነው። ወደ ሎጁ የሚወስድ መንገድ የለም፤ ከማናውስ በትንሽ አውሮፕላን ተበርሮ ቀሪው ጉዞ በሞተር ጀልባ ይጠናቀቃል። የድርጅቱን ስም ያልጠቀስሁት፣ ጥንካሬውም ሆነ ጉድለቱ በዚያ አካባቢ የሚሠራ ማንኛውንም ሎጅ ለመመዘን የሚያገለግል ስለሆነ ነው። በአጭሩ ለመናገር፣ እንግዶችን በጀልባ ወስደው የሚያስጠምዱት መሪዎች ችሎታና ለዓሣው የሚያደርጉት ጥንቃቄ በዚህ ስፖርት ካየሁት ሁሉ የላቀ ነው፤ ቢሮው ስለ ወንዙ የውሃ መጠን ለደንበኛ የሚሰጠው መረጃ ግን ከሚያስከፍለው ገንዘብ ጋር ፈጽሞ አይመጣጠንም።

ይህን ፍርድ ለመረዳት ስለ ወንዙ ጥቂት ማወቅ ያስፈልጋል። ሪዮ ኔግሮ በዓለም ላይ ካሉት የጥቁር ውሃ ወንዞች ሁሉ ትልቁ ነው። ጥቁረቱ ከቆሻሻ የመጣ ሳይሆን፣ በደኑ ወለል ላይ ከሚበሰብሰው ቅጠልና እንጨት የሚወጣው አሲድ ውሃውን አቅልሞት ነው፤ በብርጭቆ ሲቀዳ የቀጠነ ሻይ ይመስላል። ውሃው አሲድነት ያለውና ንጥረ ነገሩ አነስተኛ በመሆኑ የወባ ትንኝ እንደ ልብ አይራባበትም፤ ስለዚህ ሎጆቹ «እዚህ ትንኝ ጥቂት ነው» ሲሉ እውነታቸውን ነው። ይሁን እንጂ ወባ ከአካባቢው ጨርሶ ያልጠፋ ስለሆነ ከጉዞ በፊት ሐኪም ማማከር ግዴታ ነው፤ የቢጫ ወባ ክትባትም ከመነሻው ዕለት ቢያንስ 10 ቀን አስቀድሞ መወሰድ አለበት። ሎጁ ይህን በላከልን የዝግጅት ጽሑፍ ላይ በግልጽ አስፍሮታል።

ዋናው ጉዳይ የውሃው ከፍታ ነው። በማናውስ ወደብ ወንዙ በሞላበትና በጎደለበት ወቅት መካከል ያለው ልዩነት በአማካይ ወደ 10 ሜትር ይደርሳል። ውሃው ሲሞላ ከዳርቻው ወጥቶ ደኑን ያጥለቀልቃል፤ ዓሦቹም ኢጋፖ ወደሚባለው ወደዚህ በውሃ የተሸፈነ ጫካ ገብተው በዛፎች መካከል ይበተናሉ፤ በዚያ ጊዜ ምንም ያህል የሠለጠነ አጥማጅ ቢሆን ሊደርስባቸው አይችልም። ውሃው ሲጎድል ግን ዓሦቹ ከጫካው ወጥተው በዋናው ወንዝ ጥግ፣ በጎን ሐይቆችና በመገናኛ ቦዮች ውስጥ ይሰበሰባሉ። በመካከለኛው ሪዮ ኔግሮ ይህ ወቅት በአብዛኛው ከመስከረም እስከ የካቲት ባሉት ወራት ውስጥ ይውላል፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ገባር ወንዝ የራሱ ጠባይ አለው፤ ዝናቡም የቀን መቁጠሪያን አይጠብቅም። በተቃራኒው ውሃው ከመጠን በላይ ሲጎድልም ጉዞው ይበላሻል። እ.ኤ.አ. በ2023 በማናውስ ወደብ የተመዘገበው የውሃ ከፍታ፣ ልኬቱ ከተጀመረበት ከ1902 ወዲህ ዝቅተኛው ነበር፤ በ2024 ደግሞ ከዚያም ወረደ። እንዲህ ባለው ዓመት ጀልባ አሸዋ ላይ ይቀራል፤ ወደ ሐይቆቹ የሚያስገቡት ቦዮችም ይደርቃሉ።

ቅሬታዬ የሚነሳው ከዚህ ነው። እኛ ከመድረሳችን በፊት ከላይ በጣለው ዝናብ ምክንያት ወንዙ እንደገና መሙላት ጀምሮ ነበር። የሎጁ ሠራተኞች በመትከያው አጠገብ በቆመ ምልክት ባለው እንጨት ላይ የውሃውን ከፍታ በየማለዳው አይተው በደብተር ይመዘግባሉ፤ ደብተሩን አሳይተውኝ ስመለከት ውሃው ከመነሻችን አስቀድሞ በየዕለቱ ሲጨምር እንደነበር በግልጽ ይነበባል። ይህ መረጃ በሳተላይት ኢንተርኔት በደቂቃ ውስጥ ወደ ቢሮው ሊደርስ ይችል ነበር። ከቢሮው ለእኛ የደረሰን ግን የሻንጣ ክብደት ማሳሰቢያና ሌሎች ደንበኞች የያዟቸው የትላልቅ ዓሦች ፎቶግራፍ ብቻ ነው። ውላቸው የውሃ መጠን የተፈጥሮ ጉዳይ ስለሆነ ገንዘብ አይመለስም፣ ቀንም አይለወጥም ይላል። ተፈጥሮን ማንም ሊቆጣጠር እንደማይችል እቀበላለሁ፤ የሚታወቀውን ነገር ለከፋዩ አለመንገር ግን የተፈጥሮ ሥራ አይደለም። በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ከፍሎ፣ ፈቃድ ወስዶ፣ ባሕር አቋርጦ የሚመጣ ሰው ቢያንስ የሚጠብቀውን አውቆ የመምጣት መብት አለው።

ጉዞውን ያዳነው የጀልባችን መሪ ነው። ተወልዶ ያደገው በዚያው ወንዝ ዳር ባለ መንደር ሲሆን፣ ከሥራ ቋንቋው ከፖርቱጋልኛ በተጨማሪ ለዓሣ ማጥመድ የሚበቃ እንግሊዝኛ ይናገራል። ውሃው መሙላቱን እንዳየ በዋናው ወንዝ ላይ ጊዜ ማባከኑን ተወ። በምትኩ ሞተሩን አጥፍቶ በገጀራ ቅርንጫፍ እየመነጠረ፣ ጀልባዋን በጠባብ መግቢያዎች እየገፋ ወደ ውስጠኞቹ ሐይቆች አስገባን። እዚያም ወዲያው መወርወር አልፈቀደልንም፤ መጀመሪያ ጸጥ ብሎ ያዳምጣል። ትንንሽ ዓሦች ከውሃው ላይ ተበትነው ሲዘሉ የሚሰማው ሿሿታና ትልቁ ዓሣ ከሥር ሲመታ የሚሰማው ከባድ ድምፅ የት እንዳለ የሚለየው በጆሮው ነው። ከዚያ በጣቱ የወደቀ ግንድ፣ የቅጠል ጥላ ወይም የአሸዋ ጠርዝ ያመለክትና «እዚያ፣ ከግንዱ አንድ ክንድ አልፎ» ይላል። እሱ ባመለከተን ቦታ ከወረወርን ዓሣው ብዙውን ጊዜ እዚያው ነበር።

የዚህ ጉዞ ዋና ዒላማ የሆነው ቱኩናሬ በጠባዩ ልዩ ዓሣ ነው። ዘሩ ከቆሮሶ ጋር በአንድ ቤተሰብ የሚመደብ ነው፤ ቆሮሶን የሚያውቅ ሰው ግን በጠባይ ምንም አይነት ዝምድና አያገኝባቸውም። ቱኩናሬ አሱ የሚባለው ትልቁ ዝርያ ሌሎች ዓሦችን የሚያድን ሲሆን፣ በጅራቱ ላይ ዓይን የሚመስል በወርቃማ ቀለበት የተከበበ ጥቁር ነጥብ አለው። በዓለም አቀፍ ደረጃ በዘንግ ተይዞ ለተመዘገበው ትልቁ ቱኩናሬ የተሰጠው ክብደት 13.19 ኪሎ ግራም ሲሆን፣ የተያዘውም እ.ኤ.አ. በ2010 በዚሁ በሪዮ ኔግሮ ተፋሰስ ነው። ከእኛ ቡድን የተያዘው ትልቁ ወደ ስምንት ኪሎ የሚጠጋ ነበር። ዓሣው የውሃ ላይ ሰው ሠራሽ ማጥመጃ ሲመታ፣ በተለይም ከኋላው ውሃ የሚቀዝፍ ትንሽ ተሽከርካሪ ምላጭ ያለውን ዓይነት፣ ውሃው ከሥሩ የፈነዳ ያህል ወደ ላይ ይረጫል፤ ከዚያም ያለ ምንም ማመንታት በቀጥታ ወደ ግንዱ ሥር ይሮጣል። ክሩ ከ30 ኪሎ በላይ የሚሸከም ጥምልምል ክር ካልሆነ በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ይበጠሳል። ሎጁ በኪራይ የሚሰጣቸው ዘንጎች ደህና ናቸው፤ ክሩ የሚጠቀለልባቸው ማጠንጠኛዎች ግን አርጅተዋል፤ የፍሬናቸው ልስላሴ ጠፍቶ ክሩን እየነጠቁ ስለሚለቁ የራስን ማጠንጠኛ ይዞ መሄድ ይሻላል።

በዚህ ሎጅ ከሁሉም በላይ ያስደሰተኝ ዓሣው ከተያዘ በኋላ የሚደረግለት ጥንቃቄ ነው። እያንዳንዱ መንጠቆ ከመውጣታችን በፊት ጀርባው ላይ ያለችው ትንሽ ሹል በጉጠት ተጨፍልቃ እንድትጠፋ ይደረጋል። መሪው ዓሣውን የሚያወጣው በጎማ መረብ ነው፤ እጁን ሳያረጥብ አይነካውም፤ ሆዱን ደግፎ አግድም ይይዘዋል እንጂ በመንጋጋው አያንጠለጥለውም። ክብደቱ በመረቡ ውስጥ እንዳለ ይለካል፤ ለፎቶግራፍ ከውሃ የሚወጣው ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ክፍል በብዙ ቦታ የሚዘለል ነው። በዚያ ወንዝ ቦቶ የሚባሉት ሮዝ ዶልፊኖች የጀልባን ድምፅ ለይተው ስለሚያውቁ እየተከተሉ የደከመውን ዓሣ ገና ከእጅ ሲለቀቅ ይበሉታል። መሪያችን የዶልፊን ትንፋሽ ከሰማ ዓሣውን በጀልባው የውሃ ገንዳ ውስጥ አቆይቶ፣ ስንጥቡ በደንብ መከፈትና መዘጋት ሲጀምር ጥልቀት ወደሌለው የቅርንጫፍ መሸሸጊያ አስጠግቶ ይለቀዋል። ጫጩቶቹን የሚጠብቅ ዓሣ ሲሆን ደግሞ ሌላ ሕግ ነበረው፤ ወላጁ ለጥቂት ደቂቃ ከተለየ ሌሎች ዓሦች ጫጩቶቹን ስለሚጨርሷቸው፣ ክብደት መለካትም ፎቶግራፍም ሳይኖር እዚያው በተያዘበት ቦታ ወዲያው ይለቀቃል። ከእኛ አንዱ ፎቶግራፍ ካልተነሳሁ ብሎ ሲከራከር መሪው በትሕትና፣ ነገር ግን ምንም ሳያወላውል እምቢ አለው። ደንበኛን ለማስደሰት ሲባል ይህን የሚተላለፍ መሪ ብዙ ነው፤ ይኸኛው አለመተላለፉ ለእኔ የጉዞው ትልቁ ዋጋ ነው።

ማረፊያው በወንዙ ላይ የሚንሳፈፉ የእንጨት ክፍሎች ናቸው፤ ውሃው ሲጎድል ወይም ሲሞላ በጀልባ ተጎትተው ቦታ ይለውጣሉ። ንጹሕ ናቸው፤ ጄኔሬተሩ ሌሊቱን ሙሉ ስለሚሠራ ማቀዝቀዣ አለ፤ ድምፁ ግን ለእንቅልፈ ቀላል ሰው ያስቸግራል። ምግቡ ሩዝ፣ ባቄላ፣ ሥጋ፣ ዓሣና የካሳቫ ዱቄት ሲሆን ይበቃል፤ ከዚህ የበለጠ የሚባልለት ነገር የለም።

ስለ ደኅንነት ግን ማለፍ አይገባም። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2023 በሪዮ ኔግሮ ዳር ወደምትገኘው ባርሴሎስ ከተማ ይበር የነበረ ትንሽ አውሮፕላን በከባድ ዝናብ ውስጥ ለማረፍ ሲሞክር ተከስክሶ በውስጡ የነበሩት 14 ሰዎች በሙሉ ሞተዋል፤ ተሳፋሪዎቹ ለዚሁ ለስፖርት ዓሣ ማጥመድ የሚጓዙ ነበሩ። ስለዚህ ሎጁ በረራን በምን ሁኔታ እንደሚያዘገይ መጠየቅ የማንኛውም ተጓዥ ግዴታ ነው። በእኛ ጉዞ ደመና ስለከበደ በረራው እንዲዘገይ ተደርጓል፤ አንዳንድ ተጓዦች አጉረምርመዋል፤ ውሳኔው ግን ትክክል ነበር። በየጀልባው የሳተላይት መገናኛና የመጀመሪያ እርዳታ መስጫ ሳጥን አለ። አሸዋማ ቦታ ላይ ስንወርድ መሪው እግራችንን ሳናነሳ እየጎተትን እንድንሄድ አስጠንቅቆናል፤ በአሸዋው ውስጥ የሚደበቀው ጠፍጣፋ ዓሣ በጅራቱ ላይ ያለው መርዛማ እሾህ ከባድ ሥቃይ የሚያስከትል ሲሆን፣ እንዲህ ሲኬድ ግን ከመረገጡ በፊት ይሸሻል።

ሌላው ሊጠየቅ የሚገባው ነገር ወንዙ የማን እንደሆነ ነው። በመካከለኛው ሪዮ ኔግሮ ብዙው መሬት የነባር ሕዝቦች ይዞታ ነው። የብራዚል የነባር ሕዝቦች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ፉናይ እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ መሠረት፣ በእነዚህ ይዞታዎች ላይ የሚደረግ የቱሪዝም ጉብኝት የማኅበረሰቡን ፈቃድና በመሥሪያ ቤቱ የጸደቀ ዕቅድ ይፈልጋል። ከ2014 ጀምሮ የሪዮ ኔግሮ ገባር በሆነው በማሪዬ ወንዝ ላይ የተሠራበት ስምምነት፣ የዓሣ ማጥመድ ገቢ ወደ መንደሮቹ የሚገባበት መንገድ እንዳለ አሳይቷል። የጎበኘሁት ሎጅ ከመንደሮቹ ጋር የተፈራረመውን ውል ስጠይቅ ያለ ማንገራገር አሳይቶኛል፤ የትኞቹ ሐይቆች ለነዋሪዎቹ የዕለት ምግብ ብቻ እንደተተዉም በካርታ ላይ ምልክት ተደርጎባቸዋል። መሪው ከእነዚያ ሐይቆች በአንዱ አጠገብ ስናልፍ ዓሣ ሲዘል እያየን ዘንግ እንድናነሳ አልፈቀደም።

ታዲያ ይህን ጉዞ ለማን እመክራለሁ? ቀኑን ሙሉ በሙቀትና በዝናብ ከባድ ማጥመጃ እየወረወረ ለመዋል ትከሻውና ትዕግሥቱ ለሚችል፣ ዓሣውን ለቅቆ መመለስ ለማይከብደው ሰው ያለ ጥርጥር እመክራለሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ዘንግ ለሚይዝ ሰው፣ ወይም በተወሰነ ቁጥር ዓሣ መያዝን እንደ ዋስትና ለሚጠብቅ ሰው ግን ገንዘቡ ይቆጨዋል። ቀን የሚይዝ ሰው ከመክፈሉ በፊት ሦስት ነገር በጽሑፍ ይጠይቅ፦ ባለፉት ዓመታት በዚያው ሳምንት የተመዘገበው የውሃ ከፍታ ስንት ነበር፣ ወንዙ ቢሞላ ወይም ቢደርቅ ሎጁ ወዴት ይዛወራል፣ ከመነሻው በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት የየዕለቱ ልኬት ይላካል ወይ። ደብተሩ እዚያው መትከያው ላይ ስላለ ሎጁ መልስ የለኝም ሊል አይችልም። እኔም በሚቀጥለው ወቅት ያንኑ መሪ ለመያዝ ጽፌላቸዋለሁ፤ ቀሪውን ክፍያ የምፈጽመው ግን የውሃው ልኬት በየዕለቱ እንደሚላክልኝ በውሉ ላይ ሲሰፍር ነው።