ሲቲ ሆል የስኬቲንግ ጫማ ለሚያከራዩት አባት፦ እግዜር ይስጥልኝ

ሰላም የቶሮንቶ ሐበሾች። እኔ እዚህ ብቅ የምለው ቤት ስፈልግ ወይ ከአገር ቤት በርበሬ የሚያመጣልኝ ሰው ስጠይቅ ነው። ዛሬ ግን ምስጋና ይዤ ነው የመጣሁት።

ነገሩ የጀመረው ከልጄ ትምህርት ቤት በመጣ ወረቀት ነው። ክፍሉ በሙሉ ስኬቲንግ (በረዶ ላይ መንሸራተት) ሊሄድ ነው፣ ሄልሜት (የጭንቅላት መከላከያ ቆብ) ይዛችሁ ኑ ይላል። የስምንት ዓመቷ ልጄ "እማዬ፣ እኔ ብቻ ነኝ የማልችለው" ብላ አለቀሰች። እኔስ ምን ላስተምራት? በረዶ የማውቀው ክረምት ላይ ቆርቆሮ ሲደበድብ ነው።

መጀመሪያ ያስመዘገብኳትን ቦታ ስሙን አልጠራም። የስምንት ሳምንቱን ገንዘብ አስቀድመው ተቀበሉ፤ ከዚያ የሰፋት ጫማ ወረወሩልን። "ሰፍቷታል" ስል "ወፍራም ካልሲ ደርቢላት" ተባልኩ። አስተማሪው የሚችሉትን ልጆች ይዞ ይበራል፤ የኔዋ ግድግዳውን ሙጭጭ ብላ፣ ቁርጭምጭሚቷ ወደ ውስጥ እየታጠፈ፣ ሰዓቱ እስኪያልቅ ትቆማለች። በሦስተኛው ሳምንት ወድቃ አገጯ ሲደማ ያነሳት የሌላ ልጅ አባት ነው። ገንዘቤን መልሱ ብል "ፖሊሲያችን አይፈቅድም"። ሳስበው አሁንም ደሜ ይፈላል።

እህቴ ናት "ሲቲ ሆል፣ ማዘጋጃ ቤቱ ፊት ለፊት ያለው መንሸራተቻ በነጻ ነው እኮ" ያለችኝ። እውነትም ናታን ፊሊፕስ አደባባይ መግቢያ አያስከፍልም፤ የሚከፍለው ጫማ የሚከራይ ብቻ ነው። ማክሰኞ ማታ ሄድን፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። መስኮቱ ላይ የነበሩት ሪዛቸው የነጣ አዛውንት ናቸው። ልጄ ጫማውን አድርጋ ስትንገዳገድ አይተው ወጥተው መጡ። ሁለት ካልሲ መደረቧን ሲያዩ አንዱን አስወለቁ፣ በቁጥር ያነሰ ጫማ አመጡ። ከዚያ ያ ሁሉ ሽበት ያላቸው ሰውዬ እርጥብ ላስቲክ ምንጣፍ ላይ ተንበርክከው ማሰሪያውን ማሰር ጀመሩ!

"ኧረ በማርያም! እኔ አስርላታለሁ!" አልኩ፣ በአማርኛ። ጸሎተ ሐሙስ ካህኑ እግሬን ሲያጥቡኝ እንኳ መግቢያ የሚጠፋኝ ሰው ነኝ። እሳቸው ፈገግ ብለው ቀጠሉ፤ ጣቶቿ ጋ ላላ፣ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ጥብቅ። ከጫማው ሥር ስላለው የብረት ስለትም አንድ ነገር አስረዱኝ፣ ምንም አልገባኝም።

እዚያው ምንጣፉ ላይ መጀመሪያ ያስተማሯት መውደቅ ነው። ጉልበትን ሸብረክ፣ በጎን በኩል መውደቅ፣ የሰው ስለት እንዳይሄድበት ጣትን ጭብጥ። ሲነሱ ደግሞ በጉልበት ሆኖ አንድ እግርን ማስቀደም። አምስት ጊዜ አስወደቋት፣ አምስቱንም እየሳቀች ተነሳች። ያቺ ግድግዳ ስታቅፍ የከረመች ልጅ! በረዶው ላይ ስትወጣ ከዳር ሆነው "እንደ ዳክዬ ተራመጂ፤ እግርሽን አትዪ፣ እናትሽን እዪ" አሏት። እኔን እያየች መጣች። ሦስት እርምጃ፣ ከዚያ ሸርተት፣ ከዚያ እቅፌ ውስጥ። አለቀስኩ፤ እንባዬም ጉንጬ ላይ ሊደርቅ ነው።

የሰውየው ሥራ ማከራየት ብቻ መሆኑን አትርሱ። ጉርሻ ልሰጣቸው ብል እምቢ አሉ። በሳምንቱ ድፎ ዳቦ ይዘን ሄድን፣ እሱን ግን ተቀበሉ፤ ጓንታቸውን ሳያወልቁ ቆርሰው በሉ። እኔንም በአርባ አንድ ዓመቴ ጫማ አስደረጉኝ። ስንቴ እንደወደቅሁ አትጠይቁኝ።

ልጄ ከክፍሏ ጋር ሄዳ ተንሸራታ መጣች። ልጅ ያላችሁ፣ ወይ እንደኔ ፈርታችሁ የተቀመጣችሁ፣ በፈጠራችሁ ሂዱ! ቅዳሜና እሁድ ሰው ይበዛል፣ እሳቸውም ፋታ የላቸውም፤ በሥራ ቀን ማታ ይሻላል። የብስክሌት ሄልሜት ይዛችሁ አትሂዱ፣ የኋላ ጭንቅላትን ስለማይሸፍን የሆኪውን ነው የሚመክሩት። ሪዛም ናቸው፣ መስኮቱ ጋ ታገኟቸዋላችሁ። የዳቦዋ ሴትዮ ሰላም ብላዎታለች በሉልኝ።