ስንጥቅ ቅጠሉ ፊሎደንድሮን፦ መሬት ላይ ወይስ ማሰሮ ውስጥ?

ድሬዳዋ ላይ ፊሎደንድሮን (ትልልቅ ቅጠል ያለው የጌጥ ተክል) ግቢ ውስጥ ለመትከል መጀመሪያ የሚታየው ጥላ ነው። የቀትር ፀሐይ ቅጠሉን ያቃጥለዋል፤ ጠርዙ ቢጫ ይሆንና እንደ ወረቀት ይደርቃል።

መሬት ላይ፦ ማንጎ ወይም ኒም ዛፍ ጥላ ውስጥ ከተተከለ ሥሩ ርቆ ሄዶ እርጥበት ያገኛል፤ ውኃ ለጥቂት ቀን ቢጠፋ ይችለዋል። ግን ወደ 3 ሜትር ይንሰራፋል። ከግድግዳ አርቁት።

ማሰሮ ውስጥ፦ ፀሐዩ ሲበረታ ወደ በረንዳ ይገባል። ውኃ ግን ቶሎ ቶሎ ይፈልጋል፤ ታቹ ቀዳዳ ከሌለው ደግሞ ሥሩ ይበሰብሳል።

ሰፊ ግቢና ዛፍ ካላችሁ መሬቱን እመርጥላችኋለሁ። ለተከራይ፣ ወይም ሐረር ጀጎል ውስጥ ግቢው ጠባብ ለሆነበት ሰው ማሰሮ ይሻላል። ሕፃን ወይም ፍየል ካለ በሁለቱም ተጠንቀቁ፤ ቅጠሉ ሲታኘክ አፍና ጉሮሮ ያቃጥላል።