ዎከር፣ ክራንች፣ ከዘራ ወይስ ሳይክል? ከጉልበት ቅየራ በኋላ ሐዋሳ ላይ ምን ልግዛ ለሚል

ጉልበታቸው በቀዶ ሕክምና በሰው ሠራሽ ተቀይሮ ወደ ሐዋሳ ለሚመለሱ እናት ወይም አባት ቤተሰቡ መጀመሪያ የሚያስበው ትልቁን ዕቃ ነው። ውጭ ያሉት ልጆች አዋጥተው የቤት ውስጥ ሳይክል ይልካሉ። ሳይክሉ ሳሎን ጥግ ይቆማል፣ እናት ግን ሽንት ቤት ለመድረስ ግድግዳ ይዘው ይሄዳሉ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ገንዘቡ መዋል ያለበት ከመውደቅ በሚያድነው ዕቃ ላይ ነው፤ የስፖርት ዕቃው ይደርሳል።

ዎከር ወይስ ክራንች

ታካሚ አብዛኛውን ጊዜ በቀዶ ሕክምናው ዕለት ወይም በማግስቱ ተነስቶ እንዲራመድ ስለሚደረግ መደገፊያው አስቀድሞ ይገዛ። ዎከር በሁለት እጅ የሚያዝ ባለ አራት እግር መደገፊያ ነው። ጎማ የሌለው ከሁሉም የተረጋጋ ነው፤ ሆኖም በየእርምጃው ስለሚነሳ ክንዱ የደከመን ሰው ያታክታል። ከፊት ሁለት ጎማ ያለው እየተገፋ ስለሚሄድ አረማመድን አያቆራርጥም። አራት ጎማና መቀመጫ ያለው ሱቅ ውስጥ ሲያዩት ያምራል፤ ለአዲስ ታካሚ ግን አልመክረውም፣ ክብደት ሲጣልበት ተንሸራቶ ሊያመልጥ ይችላል።

ለአብዛኛው አረጋዊ ሁለት ጎማ ያለውን እመርጣለሁ። ቤታችሁ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ኮብልስቶን ላይ ከሆነ ግን ትንንሾቹ ጎማዎች በድንጋዮቹ መሃል ይያዛሉ፤ ለዚያ ጎማ የሌለው ይሻላል።

ክራንች (ምርኩዝ) ክንዱ ጠንካራ ለሆነና ሚዛኑን ለሚጠብቅ ሰው ነው፤ በተለይ ኮንዶሚኒየም ፎቅ ላይ ለሚኖር፣ ምክንያቱም ዎከር ለደረጃ አይሆንም። ክብደቱ በእጅ መያዣው ላይ እንጂ በብብት ላይ አይዋል፤ ብብት ሲጫን ነርቭ ይጎዳል። ደረጃ ሲወጡ ጤነኛው እግር ይቀድማል፣ ሲወርዱ የታከመው።

ከዘራ

ፊዚዮቴራፒስቱ (የእንቅስቃሴ ሕክምና ባለሙያው) ሲፈቅድ ከዎከር ወደ ከዘራ ይታለፋል። ብዙ ሰው ከዘራውን በታከመው እግር በኩል ይይዘዋል፤ መያዝ ያለበት በተቃራኒው እጅ ነው። ጫማ አድርገው ቀጥ ብለው ሲቆሙ የመያዣው ጫፍ ከእጅ አንጓ ጋር መተካከል አለበት። ከፍታው የሚስተካከል የብረት ከዘራ ከእንጨቱ የሚበልጠው ለዚህ ነው። ቤት ያለው የአባት ከዘራ ልኩ ከሆነና ከታች ላስቲክ ከተገጠመለት ያገለግላል። ላስቲክ የሌለው እርጥብ ሴራሚክ ላይ አደጋ ነው።

ማንም የማያስታውሰው ዕቃ

ከሁሉም በላይ ገንዘብ አውጡበት የምለው ከፍ ያለ መቀመጫ ነው። ቁጢጥ ተብሎ የሚቀመጡበት ሽንት ቤት ለአዲስ ጉልበት አይሆንም። በላዩ የሚቆም፣ እጅ መደገፊያ ያለውና መሃሉ ክፍት የሆነ ወንበር አሠርቶ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ብረት በያጅ ወይም አናጺ ይሠራዋል። ያለው ዝቅተኛ የሽንት ቤት መቀመጫ ከሆነም ማስረዘሚያ ይገጠምለታል። ቡና ሲፈላ በርጩማ ላይ መቀመጥም ለጊዜው ይቅር፤ እናት መደገፊያ ያለው ወንበር ላይ ይሁኑና ረከቦቱን ሌላ ሰው ይያዘው። ስግደትና መንበርከክ ደግሞ ሐኪሙ ተጠይቆ የሚወሰን ነው።

ፔዳል ወይስ ሳይክል

ወንበር ፊት መሬት ላይ የሚቀመጠው ትንሹ ፔዳል ርካሽ ነው፤ ቦታም አይዝም። ችግሩ ሴራሚክ ላይ መንሸራተቱ ነው፤ ከሥሩ ምንጣፍ ይነጠፍ። መቀመጫ ያለው ሳይክል ጉልበትን አጥፎ ለመዘርጋት ይበልጣል፣ ግን ሙሉ ዙር ለመዞር ጉልበት ወደ 110 ዲግሪ ገደማ መታጠፍ አለበት። እስከዚያ መቀመጫውን ከፍ አድርጎ ፔዳሉን ወደፊትና ወደኋላ ማወዛወዝ ብቻ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ፔዳሉን ግዙ። ሳይክሉ ሲፈለግ መቀመጫው ከፍና ዝቅ የሚል መሆኑንና ሰውየው ሳይዘል ሊወጣበት መቻሉን እዩ። ሐዋሳ ሜዳ ከተማ ስለሆነች የመንገድ ሳይክል ያጓጓል፤ እሱ ግን በሐኪም ፈቃድ ብቻ፣ መውደቅ የተተከለውን ሰው ሠራሽ ጉልበት ሊጎዳ ይችላል።

ያለ ወጪ ደግሞ የሐይቁ ዳር አለ። ጠዋት ፀሐይ ሳይበረታ ሜዳው ላይ አጭር ርቀት ሄዶ፣ አረፍ ብሎ መመለስ ከማንኛውም ማሽን አያንስም። ታቦር ተራራ ግን ይቆይ፤ ቁልቁለቱ ጉልበት ላይ ይከብዳል። ቁስሉ ሳይድን ሐይቁ ውስጥ እግር መንከርም አይገባም፤ ውሃው ኢንፌክሽን ያመጣል፣ ቢልሃርዚያም አለበት።

ከእንቅስቃሴ በኋላ ጥቂት ማበጥ የተለመደ ነው፤ በረዶ በጨርቅ ጠቅልሎ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይያዝ። በማግስቱ ዕብጠቱ ከበፊቱ ከጨመረ እንቅስቃሴው በዝቷል። ባት አብጦ ከቆረጠመ፣ ከቁስሉ ፈሳሽ ከወጣ ወይም ትኩሳት ከመጣ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም መሄድ ነው። ድንገት ትንፋሽ ካጠረ ወይም ደረት ከወጋ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል።

ዎከር የሚያስፈልገው አብዛኛውን ጊዜ ለሳምንታት ብቻ ስለሆነ ከተጠቀመ ሰው መዋስ ወይም ያገለገለ መግዛት ይቻላል። ስትረከቡ አራቱንም እግር ተጫኑ፤ የከፍታ ቁልፎቹ ጠቅ ብለው መግባታቸውን፣ ላስቲኮቹ አለመሟለጣቸውንና የሚችለው ክብደት ለሰውየው መብቃቱን አረጋግጡ። ላስቲክ ያለቀበት ከሆነ ሳትቀይሩ አትስጧቸው።