ጉልበት ለማይፈቅድለት ሰው የጎጃም ጉዞ፦ ጣና ይሻላል ወይስ ጢስ ዓባይ?

ጎጃም ውስጥ መንገድ ጠይቃችሁ ከሆነ መልሱን ታውቁታላችሁ። «እዚችው ናት!» ይሏችኋል፣ በአገጫቸው ወደ ማዶ እየጠቆሙ። እዚችው የተባለችው ቦታ አንድ ሰዓት ታስኬዳለች። እግሩ ደህና ለሆነ ሰው ይህ ቀልድ ነው። ጉልበቷን ለምታመም እናት ግን «እዚችው» የምትለው ቃል ቀኑን ሙሉ ታበላሻለች።

እናቴ ሁለቱንም ጉልበቶቿን ያማታል። የምትሄደው በከዘራ ነው። ሜዳ ከሆነ ሁለት መቶ እርምጃ ያህል ትሄድና ትቀመጣለች። ደረጃ ከሆነ አምስት፣ መደገፊያ ካለው አሥር። እኔ የምኖረው ባሕር ዳር ነው፤ በየዓመቱ ትመጣለች፣ በየዓመቱም አንድ ቦታ ይዣት እወጣለሁ። ከእነዚህ ጉዞዎች የተማርኩት ኪሎ ሜትር ማወዳደር ከንቱ መሆኑን ነው። የሚወዳደረው ከመኪናው ወይም ከጀልባው ከተወረደ በኋላ ያለው የእግር መንገድ ነው። ገንዘብም መውጣት ያለበት እሱን ለማሳጠር ነው።

ሌላውን ከማውራቴ በፊት አንድ ነገር። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ክልሉ ውስጥ ባለው ግጭት የተነሳ መንገዱ ዛሬ ክፍት፣ ነገ ዝግ ሊሆን ይችላል። ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት እዚያው ያለ ሰው ጠይቁ። ይዛችሁ የምትወጡት ፈጠን ብሎ መመለስ የማይችል ሰው ነውና።

መምጫው

ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ገደማ ነው። በደብረ ማርቆስ በኩል በመኪና ከመጣችሁ ደግሞ 560 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ቀኑን ሙሉ መቀመጥ ማለት ነው። የታመመ ጉልበት ከመሄድም በላይ ለረጅም ሰዓት ታጥፎ መቆየትን አይወድም። አውቶቡስ ርካሽ ነው። ግን ደረጃው ከፍ ያለ፣ መተላለፊያው ጠባብ ነው። ለሽንት ሲቆምም ብዙ ጊዜ ሜዳ ላይ ነው፤ ቁጢጥ ብሎ መነሳት ለማይችል ሰው ከሁሉም የሚከብደው ይህ ነው። እኔ እናቴን አላሳፍርበትም።

አውሮፕላን ከመረጣችሁ «ዊልቸር እንፈልጋለን» ማለት ብቻ አይበቃም። በአየር መንገዶች አሠራር ዊልቸር ሦስት ዓይነት ነው። ደብሊው ሲ ኤች አር የሚባለው ደረጃ መውጣት ለሚችል፣ ርቀቱ ብቻ ለሚከብደው ሰው ነው። ደብሊው ሲ ኤች ኤስ ደረጃ ለማይችል ነው። ደብሊው ሲ ኤች ሲ ደግሞ እስከ መቀመጫው ድረስ መወሰድ ላለበት። የመጀመሪያው ጊዜ ሳናውቅ «አር» አስመዘገብን። እናቴ እስከ አውሮፕላኑ ሥር በክብር ተገፍታ ደረሰች፤ ከዚያ ቀና ብላ መሰላሉን አየችው። ጥፋቱ የእኛው ነበር። እናንተ ቲኬቱ ሲቆረጥ የሚስማማችሁን ፊደል አስጽፉ። በአገር ውስጥ በረራ ላይ የሚሠራው ባለ ፕሮፔለሩ ዳሽ 8 በሩ ራሱ ተዘርግቶ አጭር ደረጃ ይሆናል፤ ትልቁ ጄት ከመጣ ግን ከፍ ያለ መሰላል ነው። የትኛው እንደሚመጣ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ኮንትራት መኪና ውድ ነው፤ ያም ሆኖ አንድ ጥሩ ነገር አለው። በፈለጋችሁበት ያቆማል። ጎሃ ጽዮንን አልፎ እስከ ደጀን ያለውን የዓባይ በረሃ ከመቀመጫ ሳይነሱ ማየት ራሱ ጉብኝት ነው። ደብረ ማርቆስ ግማሽ መንገድ ላይ ስለሆነች እዚያ አድራችሁ በማግስቱ ብትቀጥሉ ጉልበቱም ያርፋል።

የመኪናው ዓይነት ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። «ለእናቴ ነው፣ ምቹ ይሁን» ብሎ ላንድክሩዘር ይከራያል። ላንድክሩዘር ላይ መውጣት ግን ግድግዳ እንደመውጣት ነው። ቪትዝ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ሲቀመጡበት ቀላል፣ ሲነሱ ጉድጓድ። ለእኛ የሚሻለው ሃይሩፍ ነው፤ ጋቢናው ሳይሆን በጎን በሩ ተገብቶ የመጀመሪያው ወንበር። ጋቢናው ክብር አለው እንጂ አወጣጡ ያስቸግራል። ከቤት አንድ አጭር በርጩማ ይዛችሁ ውጡ። መኪና ላይ መወጣጫ፣ ጀልባ ላይ መሸጋገሪያ፣ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ጫማ ማውለቂያ ትሆናለች። የእኛዋ ከማንኛውም ከተከራየነው ነገር የበለጠ ሠርታለች።

ጣና

ጣና ላይ ከመቀመጫው የሚነሳው ጀልባው ከቆመ ብቻ ነው፤ ለጉልበት ሕመምተኛ ከዚህ የበለጠ ጉዞ የለም። ነገር ግን የትኛው ገዳም እንደሚኬድ ካልተመረጠ ጣናም እንደ ተራራ ይከብዳል።

ዘጌ ላይ ሁሉም ሰው የሚወሰደው ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ነው። መቅደሱን ዙሪያውን የሸፈነው ሥዕል ስሙ የገነነ ነው፤ የሚገባውም ነው። ግን ከወደቡ እስከ ደጀ ሰላሙ በቡና ጫካ ውስጥ ሽቅብ ነው፣ ድንጋይና ሥር የበዛበት። ለጤነኛ ሰው ከሃያ ደቂቃ በላይ ይፈጃል። ለእናቴ የማይሞከር ነው። አዝዋ ማርያም ግን እዚያው ዘጌ ላይ ሆና ከወደቡ ትንሽ ነው የምታስኬደው። እሷም ክብ ናት፣ እሷም በሥዕል ያሸበረቀች። ዑራ ካልታየ ዘጌ አልታየም የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም።

ርቆ መሄድ የማይከብዳችሁ ከሆነ ደቅ ደሴት ላይ ያለችው ናርጋ ሥላሴ አለች፤ እቴጌ ምንትዋብ ያሠሯት። ከባሕሩ ዳር ስለሆነች የእግር መንገዷ አጭር ነው። ዋጋው በሌላ በኩል ይከፈላል። በጀልባ መሄጃው ብቻ ሦስት ሰዓት ገደማ ይወስዳል፣ ጀልባው ላይ ሽንት ቤት የለም። ዳጋ እስጢፋኖስና ክብራን ገብርኤል ሴት አያስገቡም። ዳጋ ለወንዱም ቢሆን አቀበት አለው፤ ጉልበቱ የታመመ አባት ይዛችሁ ከሆነ እርሱት።

ጀልባ በሁለት መንገድ ይገዛል። በሰው ተሰብስቦ፣ ወይ ሙሉውን ኮንትራት። በሰው የሚሆነው ይረክሳል፤ ግን ቡድኑ ዑራን ሲወጣ እናንተ ወደብ ላይ ፀሐይ እየመታችሁ ትጠብቃላችሁ፣ ወይ እናንተ ስትዘገዩ ሌላው ሰዓቱን ያያል። እዚህ ላይ አትሰስቱ። ትንሿን ጀልባ ለብቻችሁ ያዙ፣ አዝዋ ማርያም ብቻ በሉ፣ ስትመለሱ ዓባይ ከጣና የሚወጣበትን ቦታ ዞራችሁ እዩ። ጉማሬ ብቅ ሊል ይችላል፣ የደንገል ታንኳም አይጠፋም። ለዚህኛው መውረድም አያስፈልግም። ከዊልቸር ላይ ጭራሽ የማይነሳ ሰው ካላችሁ ይህን ክፍል ብቻ ግዙ።

ከመክፈላችሁ በፊት ጀልባው ላይ ያለው ወንበር መደገፊያ እንዳለው በዓይናችሁ እዩ። አግዳሚ እንጨት ከሆነ ለጀርባ መከራ ነው። ላይፍ ጃኬት ካልሰጧችሁ ሌላ ጀልባ ፈልጉ። ጠዋት ውጡ፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳና ማዕበሉ ያንገላታል። የውኃው ከፍታም ነገር አለው። ጣና ከክረምቱ በኋላ ይሞላል፣ እስከ ግንቦትና ሰኔ እየጎደለ ይሄዳል፤ ልዩነቱ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ስለዚህ በጥቅምት የጀልባው ጠርዝና ወደቡ ሊተካከሉ ይችላሉ፣ በግንቦት ግን ሽቅብ መውጣት ሊኖር ይችላል።

ባለፈው ጥቅምት አዝዋ ስንደርስ ጀልባ ነጂው በርጩማዋን ወደቡ ላይ አስቀመጠና «እማማ፣ እጅዎን ይስጡኝ፤ አይቸኩሉ» አላት። አልቸኮለችም። ደጃፉ ላይ እዚያችው በርጩማ ላይ ተቀምጣ ጫማዋን አወለቀች። ውስጥ አንድ አባት መቋሚያ አቀበሏት። ተደግፋበት ሥዕሉን አንድ በአንድ እያየች መቅደሱን ዞረች። «ከከዘራዬ ይሻላል» አለችኝ በሹክሹክታ። ስንወጣ መመለስ ከብዷት ነበር፤ መቋሚያውን ማለቴ ነው።

ጢስ ዓባይ

ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መኪናው ግን ፏፏቴው ፊት ድረስ አያደርስም። ሁለት መሄጃ አለ። አንደኛው በ17ኛው መቶ ዘመን በተሠራው በአላታ የድንጋይ ድልድይ በኩል ነው፤ ቁልቁል ድንጋይ ይወረዳል፣ ከዚያ ሽቅብ። እሱን አታስቡት። ሁለተኛው ከፏፏቴው በላይ ዓባይን በጀልባ ተሻግሮ በሜዳ በኩል መሄድ ነው። ለጥ ያለ ነው፣ ግን ሩብ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ያስኬዳል። መመለሻም አለው።

ችግሩ ወቅቱ ነው። ፏፏቴው የሚያስገመግመው በነሐሴና በመስከረም ነው፤ ያኔ ደግሞ ሜዳው ጭቃ ነው፣ ከዘራ ይሰምጣል። ወንዙ በጣም ከሞላ ጀልባውም ላይሠራ ይችላል። በበጋ መንገዱ ይደርቃል፣ ውኃውም አብሮ ይመነምናል፤ የተረፈውን የኤሌክትሪክ ማመንጫው ይወስደዋል። ጥቅምት አማካይ ነው። እኛ አንዴ በየካቲት ሄደን ገደሉን አይተን ተመለስን። እናቴ «ጢሱስ የት አለ?» ብላ እስከ ዛሬ ትስቅብኛለች።

ሁለት መቶ እርምጃ ለሚሄድ ሰው እንግዲህ ጣና ይበልጣል። አምስት መቶ እርምጃ እያረፈ የሚሄድ፣ ማጠፊያ ወንበር የሚይዝለት ሰው ያለው፣ ጢስ ዓባይን በጥቅምት ይሞክር። በቅሎ ይገኝ እንደሆነ ጠይቁ። ሲወጡና ሲወርዱ የሚይዝ ሰው ካለ በቅሎ ከዊልቸር ይሻላል።

በመኪና ብቻ የሚታይ

ዘንገና ሐይቅ እንጅባራ አጠገብ ነው፤ ከዋናው አስፋልት ብዙ አይርቅም። ከአፋፉ ላይ ቁጭ ብሎ ማየት ይበቃል፤ ወደ ውኃው መውረድ ግዴታ አይደለም። አገሩ ደጋ ስለሆነ ጋቢ ያዙ። ግሽ ዓባይ ለጠበል ለሚሄድ ሌላ ነገር ነው፤ ለሽርሽር ግን ርቀቱም የእግር መንገዱም ይበዛል።

ባሕር ዳር ውስጥ ከሆነ ባጃጅ ያዙ። ወለሉ ዝቅ ያለ ነው፣ ለመግባትም ለመውጣትም አያስቸግርም። በ2016 ዓ.ም. የተመረቀውን አዲሱን የዓባይ ድልድይ ተሻገሩ፤ 380 ሜትር ይረዝማል። ቤዛዊት ኮረብታ ላይም በመኪና ይወጣል፤ ዓባይን ከላይ ያሳያል።

ማደሪያ

አንድ ሆቴል ደውዬ «አሳንሰር አላችሁ?» አልኩ። «አለን፣ እንዴታ!» አሉኝ። ስንደርስ እውነትም አለ። ከመንገዱ እስከ እንግዳ መቀበያው ግን ስምንት ደረጃ፣ ያለ መደገፊያ። አሳንሰሩ ከደረጃው በላይ ይጀምራል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ደረጃ ለማይችልና በዊልቸር ለሚሄድ ሰው መግቢያ እንዲኖረው አዝዞ ነበር፤ ስምንቱ ደረጃ ግን አዋጁን ያነበበ አይመስልም።

ሐይቅ ዳር ያሉት ሪዞርቶች ክፍላቸው ብዙ ጊዜ መሬት ላይ ነው፣ ያ ጥሩ ነው። ነገር ግን ከክፍሉ እስከ ምግብ ቤቱ ያለው የድንጋይ መንገድ ሊረዝም ይችላል። ከተማው ውስጥ ያለው ፎቅ ሆቴል ሁሉንም ነገር አንድ ቦታ ያስገኛል፤ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ አሳንሰሩን ካላስነሳ ግን እናንተ አራተኛ ፎቅ ላይ ናችሁ። እኔ ምርጫ ከተሰጠኝ ለምግብ ቤቱ ቅርብ የሆነውን የሪዞርት ክፍል እይዛለሁ። በቴሌግራም ሦስት ፎቶ አስልኩ፤ ከመኪና ማቆሚያው እስከ በሩ፣ የመታጠቢያውን ጠርዝ፣ ሽንት ቤቱን። ፎቶ ለመላክ የሚያቅማማ ሆቴል መልሱን ነግሯችኋል።