የባንክ ግምትና ብድር ለጋራ ኪራይ ቤት፦ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ለየትኛው ጉዳይ ይሆናል፣ ለየትኛው አይሆንም

ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ላይ ከወንድም፣ ከአክስት ልጅ ወይም ከንግድ ሸሪክ ጋር የሚከራይ ሕንፃ ያለው ሰው የባንክ ግምት የሚፈልገው ለሁለት ጉዳይ ነው፤ ለብድር፣ ወይም አንዱ «ድርሻዬን ስጡኝ» ብሎ ሲነሳ ለመካፈያ። ለብድር አገልግሎቱ ደህና ነው። ለመካፈያ ግን ያንን ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ማውጣት ጠብ መጥራት ነው። እዚህ የምንመዝነው በተለምዶ የሚሠራበትን አካሄድ እንጂ የአንድን ባንክ ገበና አይደለም።

የባንኩ ገማች መሐንዲስ ሲመጣ በሜትር የሕንፃውን ልክ ይወስዳል፤ ከካርታው፣ ከግንባታ ፈቃዱና ከፕላኑ ጋር ያመሳክራል። የወለሉን፣ የጣሪያውን፣ የበርና መስኮቱን ደረጃ መዝግቦ ፎቶ ያነሳል። ቢሮ ሲመለስ ባንኩ ለየደረጃው ባወጣው የካሬ ሜትር ዋጋ አባዝቶ የእርጅና ይቀንሳል፤ አጥር፣ ሴፕቲክ ታንክና የግቢ ንጣፍ ይደምራል፤ እንደ አካባቢው ደረጃ ማስተካከያ ያደርጋል። በአጭሩ «ይህ ቤት ዛሬ ቢሠራ ስንት ይፈጃል?» የሚል ስሌት ነው። ቤቱ በወር ስንት እንደሚያስገባ እዚህ ላይ ቦታ የለውም።

ይህ ለደሴ ትልቅ ጉዳይ ነው። ፒያሳና ሸዋ በር ላይ ያሉ የድሮ የጭቃ ሱቆች በኪራይ ከአዲስ ሕንፃ እኩል ሊያስገቡ ይችላሉ፤ በባንክ ግምት ግን ግድግዳቸው ጭቃ ስለሆነ ዋጋቸው እዚህ ግባ የሚባል አይሆንም። ሌላው የድጋፍ ግንቡ ነው። ደሴ ተዳፋት ላይ የተቀመጠች፣ መሬቷም የሚንሸራተት ከተማ ናት፤ ከጓሮ ያለው የድንጋይ ግንብ አንዳንዴ ከአንድ ወለል በላይ ገንዘብ ይበላል። ገማቹ እንደ ተራ አጥር እንዳይመዘግበው ቁመቱን፣ ውፍረቱንና ርዝመቱን ለይቶ እንዲጽፍ አብሮ ቆሞ ማሳየት ያስፈልጋል። ከፈቃድ ውጭ የተጨመረ ወለልና ከጓሮ የተሠራ ሰርቪስ ከግምቱ ይወጣል። መሐንዲሱን ከመጥራት በፊት ማዘጋጃ ሄዶ ፕላኑን ማስተካከል ሁለተኛ ምልልስ ያስቀራል።

ወደ ቁጥር እንግባ፤ ሁሉም ለምሳሌ የተያዙ ናቸው። ሦስት ሸሪኮች እያንዳንዱ ወለል 200 ካሬ የሆነ ጂ+2 ሕንፃ አላቸው እንበል። 600 ካሬ በ18,000 ብር ሲባዛ 10.8 ሚሊዮን ይሆናል፤ 20 በመቶ እርጅና ሲነሳ 8.64 ሚሊዮን ይቀራል። ባንኩ የዚህን 60 በመቶ ቢያበድር 5.18 ሚሊዮን ብር ነው። በ18 በመቶ ወለድ፣ በ10 ዓመት፣ ወርሃዊ ክፍያው 93,400 ብር ገደማ ይመጣል። ሕንፃው ሙሉ ሆኖ ሲከራይ በወር የሚያስገባው 82,000 ብር ከሆነ፣ ቤቱ የራሱን ዕዳ መክፈል አይችልም ማለት ነው። መያዣው በቂ ነው፤ ኪራዩ ግን አይበቃም። ሸሪኮች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ «ባንኩ ይህን ያህል ፈቅዷል» ሲባሉ ቤቱ ይህን ያህል ይችላል የተባሉ ይመስላቸዋል።

ትክክለኛው ስሌት ከኪራይ ይነሳል። በዓመት 984,000 ብር ይገባል፤ ከዚህ የአንድ ወር ባዶ መዋያ ሲነሳ 902,000 ይሆናል። ለጥገና፣ ለጥበቃ፣ ለጋራ መብራትና ውሃ እንዲሁም ለኪራይ ገቢ ግብር 182,000 ቢወጣ 720,000 ይተርፋል፤ በወር 60,000 ነው። ይህን ለ1.25 ማካፈል ደግ ነው፤ አንድ ተከራይ ቢወጣ ወይም ቧንቧ ቢፈነዳ ክፍያው እንዳይቋረጥ። 48,000 ብር የወር ክፍያ የሚሸከመው ብድር 2.66 ሚሊዮን ብቻ ነው፤ ከተፈቀደው ግማሽ ገደማ።

ብድር ክፍሉ የመክፈል አቅም ሲያይ ደግሞ የሚቀበለው በወረቀት ያለውን ኪራይ ነው። ለገቢዎች ኪራዩ ያነሰበት አንድ ውል፣ ከተከራይ ጋር ሌላ ውል የያዘ ሰው የሚያቀርበው የመጀመሪያውን ነው፤ ያኔ በግብር ያተረፈውን ብድሩ በማነሱ ያጣዋል። የሁሉም ተከራይ ክፍያ በጋራ ሒሳብ በባንክ የሚገባ ከሆነ ግን ስቴትመንቱ ራሱ ይመሰክራል።

ግምቱም አቅሙም ደህና ሆኖ ብድሩ የሚዘገይበት ጊዜ አለ። ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 የባንኮች ዓመታዊ የብድር ዕድገት ከ14 በመቶ እንዳይበልጥ ገድቦ ነበር፤ በኋላ ጣሪያው ከፍ ቢደረግም ቅርንጫፎች ወረፋ ማስያዙን ለምደውታል። የግምት ወረቀት ደግሞ ጊዜ ካለፈበት እንደገና ይሠራል፣ እንደገናም ይከፈላል። ስለዚህ የግምት ክፍያ ከመፈጸም በፊት «ለኪራይ ሕንፃ አሁን ብድር ትለቃላችሁ ወይ?» ብሎ የቅርንጫፉን ሥራ አስኪያጅ ፊት ለፊት መጠየቅ ነው።

የጋራ ንብረት ጣጣው ፊርማ ነው። ከሦስቱ አንዱ የራሱን ድርሻ ብቻ አስይዤ ልበደር ቢል ባንኮች በተግባር አይቀበሉም፤ ካርታው ላይ ያሉ ሁሉ፣ ያገቡት ከነትዳር ጓደኞቻቸው፣ ይፈርማሉ። አረብ አገር ወይም አዲስ አበባ ያለ ሸሪክ በውክልና ይገባል፤ ውክልናው ግን «ንብረቴን ያስተዳድር» የሚል ጠቅላላ ከሆነ ይመለሳል። ማስያዝና መበደር በግልጽ የተጻፈበት ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ካርታው በሟች አባት ስም ካለ ደግሞ የወራሽነት ማስረጃና የስም ዝውውር ይቀድማል፤ ብዙውን ጊዜ የሚፈጀው ይኸው ነው። ሁሉም ሲሟላ የመያዣ ውሉ ይመዘገባል፤ ቤቱም ከዕዳና እገዳ ነፃ መሆኑ ከማዘጋጃ ይረጋገጣል።

አንዱ ሸሪክ ለግል ንግዱ ሲበደር ሌሎቹ «ፊርማ ብቻ ነው» ብለው የሚፈርሙት ነገር ያስፈራል። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ባንክ ዕዳው ሳይከፈል ከቀረ ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መያዣውን ያለ ፍርድ ቤት በሐራጅ መሸጥ ይችላል። የሚሸጠው ሕንፃው እንጂ የተበዳሪው ሲሶ አይደለም። ስለዚህ በሸሪኮቹ መካከል የተለየ ውል ይጻፍ፦ ተበዳሪው ሁለት ወር ካሳለፈ የእሱ የኪራይ ድርሻ በቀጥታ ወደ ብድሩ ይግባ፣ ሌሎቹ የከፈሉለት ከድርሻው ይቀነስ። ሽማግሌ ፊት የተባለ ነገር ብቻውን አይበቃም።

ወደ መካፈያው ስንመጣ፣ ያው ሕንፃ በገበያ 14 ሚሊዮን ቢያወጣ ድርሻውን ይዞ የሚወጣው ሸሪክ ሲሶ 4.67 ሚሊዮን ነው፤ በባንክ ግምት ግን 2.88 ሚሊዮን። ልዩነቱ 1.79 ሚሊዮን ብር ነው። የሚቀረው ሸሪክ የባንኩን፣ የሚወጣው የደላላውን ቁጥር ይይዛሉ፤ ሁለቱም ለየራሳቸው እውነት አላቸው። ፍትሐዊው መንገድ ሁለት ገለልተኛ ገማች ቀጥሮ በቅርብ የተሸጡ ቤቶችን ዋጋ ማየት፣ ያለውን ዕዳ መቀነስና ከዚያ መካፈል ነው። 2.66 ሚሊዮን ዕዳ ካለ 11.34 ሚሊዮን ለሦስት ይካፈላል፤ 3.78 ሚሊዮን ይደርሳል። ደላላ የሚጠራውን የመጠየቂያ ዋጋ ሳይሆን ውል የታሰረበትን ዋጋ መያዝ ይሻላል፤ ከገቢዎች ለመሸሽ አሳንሰው የተጻፉ ውሎች መኖራቸውን ግን ሁሉም ያውቃል።

ኮምቦልቻ ላይ ባዶ መዋያውን ከአንድ ወር በላይ መያዝ ይገባል። በ2009 የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኞች የሚከራዩዋቸው ክፍሎች ከፋብሪካው ሥራ ጋር ይነሣሉ፣ ይወድቃሉ፤ ደሴ ላይ ያለ የሱቅ ኪራይ እንዲህ አይዋዥቅም። የመኖሪያ ክፍል የሚያከራይ ሰው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 በከተማው ተፈጻሚ መሆኑን አጣርቶ እሱንም ይቁጠር፤ ውሉ ከሁለት ዓመት ማነስ፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር መብለጥ የለበትም። ሱቅና ቢሮ በዚህ አዋጅ አይሸፈኑም።

ባንኩ የሚያስገዛውን የእሳት ኢንሹራንስ ብዙዎች ሳያነቡ ይፈርማሉ። ተራው የእሳት ፖሊሲ ጦርነትን አይሸፍንም፤ የፖለቲካ ሁከት ሽፋን ተጨማሪ ክፍያ አለው። 2014ን ያየ ከተማ ውስጥ ያንን መዝለል ቁጠባ አይባልም። ተጠቃሚው ባንኩ ስለሆነ ካሳው መጀመሪያ ዕዳውን ይዘጋል፤ ለሸሪኮች የሚደርሰው ትራፊው ነው።

ከወለድ ነፃ የሚፈልግ ሸሪክ ካለ፣ ሙራባሃ የሚባለው የዱቤ ሽያጭ ጥሬ ገንዘብ እንደማይሰጥ ቀድሞ ይወቅ። ባንኩ ሲሚንቶውን፣ ብረቱን ወይም አሉሚኒየሙን ገዝቶ ትርፉን ጨምሮ በዱቤ ይሸጣል፤ ዋጋው በውሉ ላይ ስለሚቆረጥ በኋላ አይጨምርም። ያልተጨረሰ ወለል ለመጨረስ ይመቻል። የሚወጣ ሸሪክን ድርሻ ለመክፈል ግን አይሆንም፤ ለዚያ በሙሻረካ፣ ማለትም ባንኩ ራሱ ሸሪክ ሆኖ በሚገባበት መልክ፣ የሚሠራ ባንክ መጠየቅ ነው።