ኦርካ ከወራት አገልግሎት በኋላ፦ የሪአክሽንን መንገድ ያሳያል ወይ?

ኦርካን ኮምፒውተሬ ላይ የጫንኩት ለአንድ ጉዳይ ነው። ኦርጋኒክ ሪአክሽን ከመነሻው ተነስቶ ውጤቱ ጋ እስኪደርስ በየት በኩል እንደሚያልፍ ማየት ፈልጌ ነበር። ከወራት ሥራ በኋላ ፍርዴን ከፊት ላስቀምጠው። ሁለት መንገዶችን አወዳድሮ የሚቀለውን ለመለየት በጣም ጎበዝ ነው። የሪአክሽኑን ፍጥነት በቁጥር ለመተንበይ ግን ብቻውን አይበቃም። ሟሟ ውስጥ ፕላስና ማይነስ ቻርጅ የሚፈጠርበት ሪአክሽን ከሆነ ደግሞ ይበልጥ መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

ለማያውቁት፣ ኦርካ የኳንተም ኬሚስትሪ ሶፍትዌር ነው። የፍራንክ ኔዘ ቡድን ጀርመን ሙልሃይም በሚገኘው የማክስ ፕላንክ ተቋም ይሠራዋል። ለዩኒቨርሲቲ ሰዎች በነፃ ነው፤ ተመዝግቦ ማውረድ ብቻ ነው። ንግድ ላይ ያሉ ኩባንያዎች ግን ይከፍላሉ። አንዴ ከተጫነ ኢንተርኔት አይጠይቅም። ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ቦታ ለሚሠራ ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

አጫጫኑ ለጀማሪ ትንሽ ይከብዳል። የሚጫኑት ቁልፍ፣ የሚከፍቱት መስኮት የለውም። ትእዛዙን ጽሑፍ ፋይል ላይ ጽፈው ይሰጡታል፣ እሱም በጽሑፍ ይመልሳል። ሞለኪውሉን ለመሳልና ውጤቱን በዓይን ለማየት እኔ አቮጋድሮን እጠቀማለሁ፤ እሱም ነፃ ነው። በብዙ ኮር ለማሠራት ኦፕን ኤምፒአይ (ሥራውን በኮሮቹ መካከል የሚያከፋፍል ሶፍትዌር) ያስፈልጋል፣ እትሙም ኦርካ ከሚፈልገው ጋር መግጠም አለበት። ለዚሁ ፕሮግራሙን በሙሉ የፋይል አድራሻው መጥራትም ግዴታ ነው። መመሪያው ከ1000 ገጽ በላይ ነው፤ ግን በደንብ የተጻፈ ስለሆነ ተስፋ አትቁረጡ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ሜካኒዝም (ሪአክሽኑ የሚያልፍበትን መንገድ) ማጥናት ማለት በአብዛኛው ትራንዚሽን ስቴትን ማግኘት ነው። ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና የሚሄድ መንገደኛ በጣርማ በር ያልፋል። በመንገዱ ላይ ከፍተኛው ቦታ እሱ ነው፤ ግራና ቀኙ ያለው ተራራ ግን ከዚያም በላይ ይወጣል። ትራንዚሽን ስቴትም እንዲሁ ነው፤ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ጫፍ፣ በሌላው ሁሉ ዝቅተኛ። ስለዚህ የንዝረት ስሌት ሲሠራ አንድ ኢማጂነሪ ፍሪክዌንሲ፣ አንድ ብቻ፣ መውጣት አለበት። ኦርካ ይህን በማይነስ ምልክት ያትመዋል። ሁለት ካያችሁ ገና በሩ ላይ አልደረሳችሁም።

ኦርካን የወደድኩት እዚህ ላይ ነው። ኤንኢቢ-ቲኤስ የሚባል ዘዴ አለው። መነሻውንና ውጤቱን ትሰጡታላችሁ፤ በመሃል ተከታታይ ምስሎችን ዘርግቶ በሩን ራሱ ይፈልጋል። ድሮ በግምት የሚሳለውን ትራንዚሽን ስቴት እየነካኩ ማደን ነበር። አንድ ነገር ብቻ አትርሱ፦ የአቶሞቹ ቅደም ተከተል በሁለቱም ፋይሎች አንድ ዓይነት መሆን አለበት። ሁለት ሃይድሮጅኖች ቦታ ከተቀያየሩ ፕሮግራሙ የሌለ ሪአክሽን ይፈልጋል።

በሩ ከተገኘ በኋላ አይአርሲ ማስኬድ የግድ ነው። ከጫፉ ወደ ሁለቱም ጎን ቁልቁል ወርዶ የት እንደሚያርፍ ያሳያችኋል። ብዙ ተማሪዎች ይህን ደረጃ ሲዘሉት አያለሁ፤ በጣም ያሳዝነኛል። የሚያምር ትራንዚሽን ስቴት የሌላ ሪአክሽን በር ሊሆን ይችላል፣ ይህን የሚነግራችሁ ደግሞ አይአርሲ ነው።

ዲልስ-አልደርን፣ ሁለት ሞለኪውሎች ተጋጥመው ባለ ስድስት አቶም ቀለበት የሚሠሩበትን ሪአክሽን፣ ያየሁበት ጊዜ ከሁሉም ይበልጥብኛል። ቡታዳይን ከኤቲሊን ጋር ሲገጥም ሁለቱ አዳዲስ የካርቦን ቦንዶች እኩል ይሠራሉ። ትራንዚሽን ስቴቱ ላይ ሁለቱም ወደ 2.3 አንግስትሮም ገደማ ናቸው። ኤቲሊኑን በሜቲል አክሪሌት ስትተኩት እኩልነቱ ይፈርሳል፤ አንዱ ቦንድ ይቀድማል፣ ሌላው ይዘገያል። መማሪያ መጽሐፍ ላይ ያሉት ጠማማ ቀስቶች ይህን አያሳዩም። ተማሪ ያንን እንቅስቃሴ ስክሪን ላይ ሲያይ ሜካኒዝም የሚሸመደድ ነገር መሆኑ ያበቃል።

ቁጥሮቹን እንዴት እንመናቸው? በክፍል ሙቀት የ1.4 ኪሎካሎሪ በሞል ልዩነት ፍጥነቱን አሥር እጥፍ ይቀይረዋል። በተለምዶ የምንጠቀምባቸው የዲኤፍቲ (በኤሌክትሮን ጥግግት ላይ የተመሠረቱ) የስሌት ዘዴዎች ደግሞ ሁለት ሦስት ኪሎካሎሪ ቢስቱ አይገርምም። ያ በፍጥነት ሲመነዘር ከሃያ አምስት እጥፍ ገደማ እስከ መቶ እጥፍና ከዚያ በላይ ነው። ኤንዶን ከኤክሶ (ዲልስ-አልደር ሊሰጣቸው የሚችሉ ሁለት የውጤት ቅርጾች) ስናወዳድር ስህተቱ በሁለቱም በኩል ስለሚመሳሰል በአብዛኛው ይጠፋፋል። ለዚህ ነው ማወዳደር ላይ ጎበዝ ነው ያልኩት።

ሟሟ ሲገባ ነገሩ ይከብዳል። ሲፒሲኤምም ሆነ ኤስኤምዲ የሚባሉት የሟሟ ሞዴሎች ሜታኖልን ሞለኪውል እንደሌለው አንድ ወጥ ነገር ይቆጥሩታል። ሃይድሮጅን ቦንድ የሚሠራ፣ ፕሮቶን የሚቀበልና የሚሰጥ ሜታኖል እዚያ ውስጥ የለም። በ2015 የቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲው ዳንኤል ሲንግልተን ከባልደረባው ጋር ያወጡት ጥናት ይህን በግልጽ አሳይቷል። አዲስ የካርቦን ቦንድ የሚሠራውን የሞሪታ-ቤይሊስ-ሂልማን ሪአክሽን ሜታኖል ውስጥ በሙከራ መረመሩ። ቀደም ያሉ ስሌቶች አልኮሉ ፕሮቶኑን በአንድ እርምጃ ያሻግራል ብለው ነበር። ሙከራው የደገፈው ግን ተራውን የአሲድና ቤዝ መንገድ ነው። ኢነርጂዎቹም እንደ ስሌት ዘዴው በእጅጉ ይለያዩ ነበር። ይህን ሥራ ኦርካን ለሚጀምር ሰው ሁሉ እንዲያነብ እመክራለሁ።

ሁለት ሦስት ጥቃቅን ነገሮች ልጨምር። የኦርካ ቢ3ኤልዋይፒ (ከዲኤፍቲ ዘዴዎች አንዱ) ጋውሲያን ከሚባለው ሌላ የኳንተም ኬሚስትሪ ሶፍትዌር ትንሽ ይለያል፤ ከታተመ ቁጥር ጋር ስታወዳድሩ ጋውሲያን የሚጠቀምበትን ዓይነት ለይታችሁ ምረጡ። የስቴፋን ግሪመን የዲስፐርሽን (በሞለኪውሎች መካከል ያለ ደካማ ስበት) ማስተካከያ፣ ዲ3 ወይም ዲ4፣ ሳትጨምሩ ትልልቅ ሞለኪውሎችን አትንኩ። ነፃ ኢነርጂው (የጊብስ ኢነርጂ) የሚታተመው በ1 አትሞስፌር፣ እንደ ጋዝ ነው፤ ሟሟ ውስጥ ወደሚሠራበት 1 ሞላር ለመውሰድ ለእያንዳንዱ ሞለኪውል 1.9 ኪሎካሎሪ ገደማ ይደመራል። ሁለት ሞለኪውል አንድ ሲሆን ይህ ውጤቱን ይቀይረዋል።

መብራት ሲጠፋስ? ኦፕቲማይዜሽን (ዝቅተኛ ኢነርጂ ያለውን ቅርጽ ፍለጋ) ላይ ከሆነ ብዙ አይጎዳም፣ የመጨረሻውን ቅርጽ ይዞ መቀጠል ይቻላል። የኦርቢታል ፋይሉም ይነበባል። ከዲኤፍቲ የበለጠ ትክክለኛ ግን ከባድ የሆነው ረጅም የዲኤልፒኤንኦ ስሌት ከሆነ ግን ሥራው ተመልሶ ከመጀመሪያው ሊሆን ስለሚችል፣ ዩፒኤስ የሌለው ሰው አስቦ ይጀምር።

በ2024 የወጣው ስድስተኛው እትም ጎት የሚባል የቅርጽ ፈላጊ አምጥቷል። ተጣጣፊ ሞለኪውል ብዙ ቅርጽ አለው፤ ዝቅተኛውን ሳያገኙ ጉብታውን (እስከ በሩ ያለውን የኢነርጂ ከፍታ) መለካት ትርጉም የለውም። ለዚህ ብቻ እንኳ ከአምስተኛው እትም መሸጋገሩ ተገቢ ነው።

ለኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ተማሪም ለመምህርም እመክረዋለሁ። መጀመሪያ ሳይክሎፔንታዳይንን ከማሌይክ አንሃይድራይድ ጋር ሞክሩ። ኤንዶውንም ኤክሶውንም አግኙ፣ አይአርሲ አስኪዱ፣ ከዚያ ላብራቶሪ ገብታችሁ ሪአክሽኑን ራሱን ሥሩትና የትኛው እንደበዛ አወዳድሩ።