የክራውሊ «ቶት» ታሮት፦ ሥዕሉ ግሩም፣ መመሪያው ጎደሎ

ታሮት ዕድልን ለማንበብ የሚያገለግል በሥዕል የተሞላ የካርታ ስብስብ ነው፤ የቶት ታሮት ደግሞ በ78 ካርታ የቀረበ የሃይማኖት ሙግት ነው። ሐሳቡ የእንግሊዛዊው አስማተኛ የአሌስተር ክራውሊ፣ ሥዕሉ የሌዲ ፍሪዳ ሃሪስ ነው። ከ1938 እስከ 1943 እ.ኤ.አ. ደክመውበታል፤ በካርታ መልክ የታተመው ግን ሁለቱም ከሞቱ በኋላ በ1969 ነው። ክራውሊ ያደገው መጽሐፍ ቅዱስን አጥብቆ በሚይዘው በፕሊማውዝ ወንድሞች ማኅበር ቤት ነው። እናቱ «አውሬው» ትለው ነበር፤ እሱም ስሙን ወዶ ተጠራበት። ድፍረቱን የቀዳው ከዚያው ከቤቱ መጽሐፍ ስለሆነ፣ ራእይ ዮሐንስን ሳያነብ ካርታውን የሚገዛ ሰው ብዙ ነገር ያመልጠዋል።

11ኛውን ካርታ አውጡና እዩት። ሌላው ታሮት «ኃይል» ብሎ የአንበሳ አፍ የያዘች ሴት ያሳያል። እዚህ የራእይ ምዕራፍ 17 ሴት ራቁቷን ሰባት ራስ ባለው አውሬ ላይ ተቀምጣ፣ በግራ እጇ ልጓሙን ይዛ በቀኟ ጽዋዋን ከፍ አድርጋለች። ዮሐንስ የኮነናትን ክራውሊ አነገሣት። የካርታውን የእንግሊዝኛ ስም «ለስት» (Lust) «ዝሙት» ብሎ መተርጎም ስሕተት ነው፤ «ፍትወት» ይቀርበዋል። በግእዝ ፈተወ ማለት ወደደ፣ ተመኘ ነው፤ ክራውሊም የፈለገው በጉልበቱ የሚደሰት ብርታትን ነው። 20ኛው ካርታ ላይ የመጨረሻው ፍርድ ቀርቶ የግብፅ አማልክት፣ ኑትና ሕፃኑ ሆረስ ገብተዋል። ይህ አማኝን ያስቀይማል፤ ሳይነግሩት በስጦታ መስጠት ደግ አይደለም።

አነባበቡ በአራቱ ባሕርያት ነው፦ በትር እሳት፣ ጽዋ ውኃ፣ ሰይፍ ነፋስ፣ ዲስክ መሬት። በውዛችሁ ሦስት ካርታ ደርድሩ፤ መካከለኛው ጉዳዩ ነው፣ የግራና የቀኙ ያበረቱታል ወይም ያደክሙታል። እሳትና ውኃ ይጣላሉ፣ ነፋስና መሬትም እንዲሁ። አንድ ዓይነት ባሕርይ ጎን ለጎን ሲወጣ ይጠነክራል፤ የቀሩት ይስማማሉ። የካርታው ብርታትና ድካም ከጎረቤቶቹ ስለሚታወቅ፣ መገልበጡ ትርጉም የለውም፤ የተገለበጠ ካርታ ካለ አቅኑት።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በሰፊው የታወቀውን የሌላውን ታሮት፣ የ1909ኙን የዌይት ታሮት መመሪያ ከዚህ ጋር ሲጠቀም ነው። የዌይት 8ኛ እዚህ 11ኛ ነው፣ የዚያ 11ኛም እዚህ 8ኛ። በበትር፣ በጽዋ፣ በሰይፍና በዲስክ ካርታዎች መካከል ንጉሥ የለም፤ የበላዩ ፈረሰኛው ነው። በመዝሙረ ዳዊት 118 ላይ ከምናውቃቸው የዕብራይስጥ ፊደላት ጻዴ «ንጉሠ ነገሥቱ» ለተባለው ካርታ፣ ሄ «ኮከቡ» ለተባለው ተሰጥተዋል፤ በሌላው ተቃራኒ ነው።

አብራ የምትመጣው ትንሽ መጽሐፍ ይህን ለማስረዳት አትበቃም። ሌላው ጉድለት በትንንሾቹ፣ ማለትም በየዓይነቱ በቁጥር በተሰየሙት ካርታዎች ግርጌ የተጻፈው ቃል ነው፦ የሰይፍ ሦስት «ሐዘን» ስለሚል ጀማሪ ቃሉን አንብቦ ሥዕሉን ይተወዋል። ቃሉን በአውራ ጣት ሸፍኖ መጀመር ይረዳል። አንዳንድ እትም 80 ካርታ አለው፤ ትርፎቹ የ«አስማተኛው» ካርታ ሌሎች ሁለት ሥዕሎች ናቸው። አንዱን መርጣችሁ ሁለቱን ከሳጥኑ ካላስቀራችሁ ያ ካርታ ከልክ በላይ ይወጣል። ትልቁ መጠን የሃሪስን መስመሮች አጥርቶ ያሳያል፤ ለመበወዝ ግን ትንሽ እጅ አይችለውም።